ካርታው ግብፅ ላይ ቀረ

ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን ሲያለብሳት፣
ወንጌላዊ ተከስተ ካርታውን ሰቀላት
በድንኳኑ ምሰሶ፣ በሁለት ሚስማር፤
ሽቦ ያዡ እኔ ነበርኩ፣ ጄኔሬተሩ ስር።

«በለሷን ተመልከቱ» አለ፣ በአርጩሜ እየነካ፣
«ቅጠሏ ካቆጠቆጠ በጋው ቀርቧል ለካ!
በአርባ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ነው የበቀለችው፤
ያ ትውልድ ሳያልፍ ነው መጨረሻው የሚሆነው።»

ትውልድን በአርባ ለካው፤ አርባው መጥቶ አለፈ።
ሰባ አለው፤ ሰባም ሄዶ፣ ሰማንያ ብሎ ጻፈ።
የሰረዘው ቁጥር ሁሉ በካርታው ጀርባ አለ፤
የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሕዝቡማ እልል አለ።

«የተበተነው ይሰብሰብ ከምድር አራት ማዕዘን፣
ያኔ ነው ደጅ የሚንኳኳው፣ ያኔ ነው የሚፈረድብን።»
ጣቱ በባሕር ዞረ፣ በበረሃ ዞረ፤
እዚህ ግን አልደረሰም፤ ካርታው ግብፅ ላይ ቀረ።

ከኋላ፣ ድንኳኑ ደፍ ላይ፣ ምሰሶ ተጠግታ፣
ማንያህልሻል ቆማለች፣ ከነሸክላ አፈሯ መጥታ።
ያቺ፣ እናቴ «ዓይኗን አትይ» ያለችኝ በልጅነት፤
ያቺ፣ ጋኗን እየገዛን «ቡዳ» የምንላት፤
ሕፃን በታመመ ቁጥር ደጇን የወገርንባት።
ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቷ ይጠፋል፤
ቅዳሜ ምድጃዋ አፉን ከፍቶ ይውላል።
ለምን ብሎ የጠየቀ ከሰፈር ሰው የለም፤
ቡዳ የሚያደርገውን ማንም አይጠይቅም።

«ልጄ» አለች፤ ድምፅዋ ከጄኔሬተሩ አነሰ።
አጠፋሁት።
ጨለማው ድንኳኑን አዳረሰ።

«የተሰበሰቡ ለታ ጌታ ይመጣል አልክ፤ መልካም።
ለተሰበሰቡትስ? የነሱን አልነገርከንም።
ደግሞ እዚህ አቀበት ላይ የተረሳ ቢኖር፣
ከቆጠራህ ይጎድላል፣ ወይስ ያዘገያል ነገር?»

ወንጌላዊው ገጽ ገለጠ፤ በጨለማ ማን ያነባል?
ከሕዝቅኤል ወደ ዘካርያስ ወረቀቱ ይሰማል።
መብራቱ ሲመለስ የለችም፤ ጉሙ ደፉን ልሶታል፤
ምሰሶው ላይ አምስት ጣት፣ ሸክላ ታትሞበታል።

ካርታውን ስጠቀልል እጄ ከግብፅ በታች ሄደ፣
ጠርዙን አልፎ፣ ባዶ ሸራ ላይ ቁልቁል ወረደ፤
ስንት ስንዝር ይሆን እስከዚህ?

ቅዳሜ ማለዳ፣
«እንስራ ልገዛ ነው» አልኩ፤ እናቴ ዝም አለች።
ማንያህልሻል ደጇ ላይ፣ ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች፤
ጥፍሯ ንጹሕ፣ ምድጃው በረዶ። «ዛሬ አይሸጥም» አለች።

«አውቃለሁ» አልኩ። ሳልገዛ ደፏ ላይ ተቀመጥኩ።
ጉሙ ሲገለጥ ቆላው ታየ፤ ቀኑን ግን አልቆጠርኩ።