ሁለት ማይል

ማክሰኞ የመሣሪያ ቀን ነው። ከጧቱ በሦስት ሰዓት
በብራንደል ካውንቲ ችሎት
ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ ያስላል፣ መስኮቱን በረዶ ሸፍኖት።
እኔ ከዳኛው እግር ሥር፣ ትንሿን መኪናዬን ታቅፌ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ለቅሜ፣ የሰው ቃል ጽፌ
ይኸው ዛሬም ተሰይሜያለሁ፤
ማንም አያየኝም፣ ሁሉንም እሰማለሁ።

መጀመሪያ የጥርስ ሐኪሙ፤ ሎዌል ፔንሃሎው ይባላል፤
ሽጉጡ አውሮፕላን ጣቢያ ከጎልፍ ጓንቱ ጋር ተገኝቷል።
"ረስቼው ነው" አለ፤ ጥርሱ ከጣሪያው መብራት ይነጣል።
ዳኛ ሃስኬል ፈገግ አሉ፤ እሳቸውም መነጽር ይረሳሉ።
አምስት መቶ ዶላር።
ከምሳ በፊት ከፍሎ ወጣ፤ ጓንቱ ተመልሶለታል።

ቀጥሎ ትሬቨን ኦክስ፤ ሃያ ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው፤
ሽጉጡ ወንበር ሥር ነበር፤ መኪናው ግን የአጎቱ ነው።
"የኔ አይደለም" አለ፤ ጻፍኩ።
ጠበቃው ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ ቀና አለ።
"የኔ ነው" አለ፤ ያንንም ጻፍኩ።
አሥራ ስምንት ወር።
እናቱ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ጣት አነሳት፤
አጠገቧ የተቀመጠችው የማታውቃት ሴት እጇን ዘረጋችላት።

ከዚያ ኦዴሳ ማክግሪቪ።
የዶሮ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ እጇ በክሎሪን የገረጣ፣
ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በሐሰተኛ ቼክ ታስራ የወጣች።
እንዲህ ያለ ሰው ብረት አይንካ ይላል ሕጉ፤
በእጁ አይያዝ፣ በኪሱ አይሸሽግ፤ ነጥቡ አራት ነጥብ ነው።

ሌሊት ወንድሟ ሩፈስ፣ ወጥ ቤት፣ ከጠረጴዛው ዳር
ሽጉጡን እንደ እንግዳ ፊቱ አስቀምጦ ከሱ ጋር ያወራ ነበር።
ነጠቀችው። በፎጣ ጠቀለለችው። ሁለት ማይል በበረዶ ሄደች።
ፖሊስ ጣቢያ፣ ከመስታወቱ ሥር አስቀምጣ
"ውሰዱልኝ" አለች።
ብረት ብትሰጣቸው ብረት አጠለቁላት።

ዐቃቤ ሕጉ ፎጣውን ዘረጋ፤ ኤግዚቢት ቁጥር ሁለት፣
ሰማያዊ፣ ጫፉ የተተለተለ፣ የቤት ሳሙና የሚሸት።
ሽጉጡን አነሣ፤ ኤግዚቢት ቁጥር ሦስት፣ ባለ ቢጫ ወረቀት።
"ይዘሽ ነበር?"
"ይዤ ነበር።"
"ለምን ያህል ጊዜ?"
"ሁለት ማይል" አለች።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ፦
ሕጉ ወዴት ይዘሽ ሄድሽ አይልም፤ ያዝሽ ወይ ነው የሚለው።
"እጄ የታሰረ ነው" አሉ።
ጻፍኩት። ካቴናው በማን እጅ ላይ እንደነበር
መኪናዬ አይለይም።
ሠላሳ ስድስት ወር።

ሩፈስ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ነበር፤ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ።
ይተነፍስ ነበር። ያ ብቻ ነው ሥራው፤ አየር አስገብቶ፣ አየር አስወጥቶ።
ያን ትንፋሽ ቁጥር ሰጥቶ፣ ቢጫ ወረቀት አንጠልጥሎ
"ክቡር ዳኛ፣ ማስረጃዬ ይኸው" ያለ ጠበቃ የለም።
እኔም አልጻፍኩትም።
ለሳል ምልክት አለኝ፣ ለሣቅ አለኝ፣ ለ"እህ" እንኳ አለኝ፤
በሕይወት ለተቀመጠ ሰው ቁልፍ አልተሠራልኝም።

የይግባኙ ቀን ሲያልፍ፣ እንደ ደንቡ፣ ቁጥር ሦስት
ከወንዙ ማዶ ወዳለው ማቅለጫ ይሄዳል።
ግንቦት ላይ የጉድጓድ ክዳን ይሆናል፣ ወይ የበር ማጠፊያ፤
ሰው ይረግጠዋል፣ በር ይከፍትበታል፤ ያለፈ ስሙን ማንም አይጠይቀውም።
ኦዴሳ ያኔ ሠላሳ ሁለት ወር ይቀራታል።

ማታ ግልባጩን ሳስተካክል፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ፣
ከ"ሠላሳ ስድስት ወር" በታች
አንድ መስመር ባዶ ተውኩ።
አለቃዬ ከጠየቀችኝ
የማተሚያው ችግር ነው እላታለሁ።