ውሃ ልክ

አዲስ ቤት፣ ቤት አይመታም።
ይሄን ስል ሰው አያምነኝም፤
ቀለሙ እጅ ላይ የሚቀር፣
በሩ ከነላስቲኩ ያለ ቤት፣
ግድግዳው ቀጥ ያለ ይመስለዋል።
ሠላሳ ዓመት መስኮት ስለካ
አራት ማዕዘኑ የታረቀ አላገኘሁም፤
ላይኛው ከታችኛው በሦስት ሚሊ ይጣላል፣
ግራው ከቀኙ ይኮራረፋል፣
ልስኑም ውስጥ ውስጡን ገና ያለቅሳል፤
ለመድረቅ አንድ ክረምት፣ አንድ በጋ ይፈልጋል።

ዛሬ ሬዲንግ ዳር ነን፣ ከተማው አልቆ ጭቃ በሚጀምርበት፣
ስሙ ከመንገዱ ቀድሞ በተተከለበት፤
የኦክ ጎዳና ይላል፣ አንድም ኦክ የለበት።
ራይስ፣ ገና አሥራ ዘጠኙ፣ ፍሬሙን ተሸክሞ ይወጣል፤
ጫማው ላይ ያጠለቀው ሰማያዊ ላስቲክ
ደረጃው ላይ ያንሸራትተዋል።
ውሃ ልኩን አስደግፌ አረፋዋን አያለሁ።
ወደ ግራ ሸሸች፤
በቀጭን ሽብልቅ እመልሳታለሁ።
ፍሬሙ ቀና፣ ግድግዳው ጎባጣ፤
መሃላቸው የቀረውን ክፍተት
በነጭ ሲልከን እሸነግላለሁ።
ሙያዬ ይኸው ነው፦
ጠማማውን ልክ ማስገባት አይደለም፣
ልክ የገባ ማስመሰል።

ባለቤቷ ወይዘሮ ቬርሊን አሌይን ይባላሉ፣
ባርቤዶስ ተወልደው በስድስት ዓመታቸው የመጡ፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት የሌሊት ነርስ ሆነው
ቀን ቀን፣ መስኮቱን በፎይል ሸፍነው የተኙ።
"ጨለማስ በቃኝ" አሉኝ፣
"አሁን ብርሃኑን እኔ ልዘዘው።
ደግሞ አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊቴ ነው፤
ሰው ሁሉ ፉት የምለውን ሻይ ሲቆጥር አይደላኝም።"

ካታሎጉን ገለጡ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።
"ስሙን ማን አልከኝ?"
"ፕላንቴሽን ሻተር" አልኩ፣
በቀን አሥር ጊዜ እንደምለው፣
እንደ ብሎን ስም፣ እንደ ቀለም ቁጥር።
ዝም አሉ።
"ፕላንቴሽን" አሉ ቆይተው፣
አገዳ አኝከው ገለባውን ሊተፉ ይመስል።

ከዚያ ቦቲ አጠለቁ፤
ሣር ወዳልበቀለበት ጓሮ ወጡ፤
ጭቃው መሃል ቆመው
"ክፈት!" አሉኝ። ከፈትኩ።
"ትንሽ ዝጋ!"
ቅጠሎቹ እንደ ሽፋሽፍት ተጋደሙ።
"አሁን ታየኛለህ?"
"አዎን፣ ከነካፖርትዎ።"
"እኔ አላይህም" አሉ።
"ነጭ መስመር ብቻ ነው፣
ነጭ መስመር፣ በላዩ ነጭ መስመር።"
እዚያው ቆዩ። ካፊያ ጀመረ።
ራይስ ስልኩን ኪሱ ከተተ።
"የአያቴ እናት የቆመችው እዚህ ጋ ነበር" አሉ፤
ለኔ ይሁን ለመስኮቱ አላወቅኩም።

ገቡ። ቦቲያቸውን በር ላይ አወለቁ።
"ስንት ቅጠል ነው በጠቅላላው?"
"መቶ አርባ አራት።"
"ማነው የሚወለውለው?"
በለስላሳ ጨርቅ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ውሃ ሳይበዛ፣
የለመድኩትን ልል አፌን ስከፍት
"እሱንስ" አሉ፣ "ማንም አያስተምረኝ።"
ሳቁ።
እኔም ልስቅ ነበር፤ ተውኩት።

ፈረሙ። ዘንጓን በሁለት ጣት ይዘው፣
በሽተኛ እጅ ላይ ትርታ እንደሚቆጥር ሰው፣
ብርሃኑን ወለሉ ላይ አጠበቡት፣ አሰፉት፣
ደግመው አጠበቡት።
አውቶቡሱ መጣ። ሰዎቹን ጫነ። ሄደ።
"በስድስት ወር ልስኑ ይደርቃል" አልኩ፣
"ጥጉ ይሰነጠቃል፣ ያኔ ይደውሉልኝ።"
"ልክ ነው" አሉ።
ፊታቸውን አላዞሩም።

ራይስ ይነዳል። ውሃ ልኩ ጉልበቴ ላይ ተጋድሞ
አረፋዋ በየጉድጓዱ ወዲያ ወዲህ ትላለች።
"ቀጣዩስ?" አለኝ።
"አሥራ ስምንት ቁጥር። ሦስት መስኮት።"
"ምን ዓይነት ልበል?"
አፌን ከፈትኩ።
አረፋዋን አየሁ፤ መሃል ላይ አልቆም አለች።
"ነጭ" አልኩት።