በጦይባ ክርን ልክ

ሜትሩ ጠፋብኝና፣
«ነይ እስኪ ቁሚልኝ» አልኳት ጦይባን፤ መጣች፣ እጇ አረፋ እንደሆነ ገና።
ክንዷን አጠፍ አድርጋ ቆመች፤ ከክርኗ ሥር
ግድግዳው ላይ ጫርኩኝ የከሰል መስመር።

አሸዋው ከቦርከና፣ በይማም ጋሪ፤
ብሎኬቱ የጎረቤት ትርፍ፣ ግማሹ ተሸርፎ ቀሪ፤
ጭስ መውጫው ደግሞ
የትሬንታ ኳትሮ ማርሚታ፣ ከጋራዥ ደጅ ስንት ክረምት ተጋድሞ
ያገኘሁት። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ
አቆምኩት፣ ሁለት ፌሮ ምርኩዝ አድርጌ።
በሦስተኛው እሑድ፣ የኮምቦልቻ ፀሐይ ማጅራቴን እየጠበሰ፣
ደረሰ።

ገና እሳት ለኩሼ ሳልነሣ
እሜት ዘምዘም በአጥር ብቅ አሉ፦
«አንተ ሰው፣ ይሄ መኪና መቼ ነው የሚነሣ?»
ስቄ ዝም አልኩ፤ ቱቦውንም
ወደ ወንዙ አዞርኩት፤ ከዚያ ወዲህ አልተናገሩኝም።

አሁን ጦይባ ፓርክ ገብታለች፣ ስፌት፤
ሰርቪሱ ይወስዳታል ገና በሌሊት፣
ማታ ይመልሳታል፣ ዓይኗ በክር ብናኝ ቀልቶ።
ያ ሁሉ ልኬት ለእኔ ቀርቶ
ሽንኩርት የምከትፈው እኔ፣ ድስት የማጥበው እኔ፣
ከልኬ አንድ ስንዝር ባጠረ መደብ ላይ፣ እያቃሰተ ጎኔ።

«አፍርሰህ ከፍ አድርገው» ይላል ይማም ባየኝ ቁጥር።
«ሲሚንቶ ተወደደ» እላለሁ።
ግማሽ ከረጢት አለኝ፣ ከአልጋው ሥር።

እሑድ ዕረፍቷ ነው፤ ወጣ ትልና
ክርኗን ከመደቡ ታሳርፋለች፣ ዝም ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና።
ግድግዳውን ኖራ ቀብቻለሁ፣ ዙሪያውን በሙሉ፤
መስመሩን ዘልዬ ነው።
ሰዎች «ረሳው» ይላሉ።