አትጨዱ

ሰሌዳ ይዤ መጣሁ፣ ሚስማርና መዶሻ፣
ከረግረጉ ጫፍ፣ ከቄጤማው መድረሻ፤
"አትጨዱ" ይላል፣ በቀይ ቀለም ጽፌ፣
"የዱር እንስሳት ክልል" ከሥሩ አሰልፌ።
ያኔ ወጣት ነበርሁ፤ ዲፕሎማዬ ትኩስ፣
እግሬ ላይ ጭቃ ያልቀመሰ ቡትስ።
መንደሩ ክሺቫ ዎንካ፣
"ጠማማው መስክ" ማለት ነው፤ እኔ ግን ላቀናው ሳይነካ።
መጠበቅ ማለት፣ ያኔ የማምነው፣
እጅን ሰብስቦ መቆም ነው፤ መተው ነው።

ወፏ ክብደቷ አሥራ ሁለት ግራም፣
ከአንድ ደብዳቤ፣ ከነቴምብሩ፣ አትበልጥም።
ሴኔጋል ከርማ፣ በረሃውን አቋርጣ፣
ግንቦት ላይ ከች ትላለች፣
ከዓለም ሁሉ ይህን ውሃ አዘል ሣር መርጣ።

ቦጉሚል መጣ፣ ረዥሙ ማጭድ ትከሻው ላይ፤
ሰሌዳዬን አነበበ፤ ቀና አለ ወደ ሰማይ።
"ልጄ፣" አለኝ፣ "እዚህ ያጨድሁ ስድሳ ዓመት፣
ክረምት ውሃው ሲረጋ፣ በበረዶው አናት
ድርቆሹን በፈረስ ስንጎትት ወደ ቤት።"
"ሕግ ነው፣" አልሁት። ሌላ ቃል አልነበረኝም።
ቆቡን አነሣልኝ፤ ዞረ፤ አልተከራከረኝም።

በማግስቱ ዓመት ቄጤማው ረዘመ፤
ያልታጨደው ሣር በራሱ ላይ ጋደመ፤
ሸምበቆው ከወንዙ ወጣ እየተሳበ፤
አኻያው ተከትሎ ዙሪያውን ከበበ።
እኔ በየማታው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
በትንኝ ተከብቤ፣ ጆሮዬን ሳስጨንቅ፣
የወንዱን ዜማ፣ ያንን ደረቅ ትርርታ፣
"አርባ አንድ" ብዬ ነበር በመጀመሪያው ማታ።
ከዚያ ሃያ ስድስት።
ከዚያ ዘጠኝ።
ዘጠኝ።
እርሳሴን አነሣሁ፣ ከአንድ ጀምሬ ቆጠርሁ፤
ስህተት ይሁን ብዬ እግዜርን ለመንሁ።

ኅዳር ላይ በሩን አንኳኳሁ።
ሬድዮው አጠገብ ድንች ይልጥ ነበር፤
አላለኝም "ምን እግር ጣለሽ?"፤ ሳበልኝ ወንበር፤
ሌላ ቢላ ሰጠኝ። ልጣጩ መሬት ሲወድቅ፣
ተናዘዝሁ፣ ዓይኔን ከድንቹ ሳላርቅ።
"ወፏን አላውቃትም፤ ስሟንም አልሰማሁም፤
ለላሜ ነው ያጨድሁ፤ ለጽድቅ አልሠራሁም።
ልጄ ኖርዌይ ገባ፣ የጭነት መኪና ይነዳል፤
ላሟ ተሸጠች፤ ድርቆሽ ማን ይፈልጋል?
ያንቺ ሰሌዳ ብቻ አይደለም ያጠፋ፤
እኛም እያለቅን ነው፣ ሣሩ ሲስፋፋ።"
አለና ድንቹን ድስት ውስጥ ጨመረ።

አሁን ማሽን አለን፣ ባለሰንሰለት እግር፣
ሸርተቴ ተራራ ላይ በረዶ ሲደለድል የነበር፤
ነሐሴ፣ ጫጩቱ በርሮ ካለቀ በኋላ፣
እናጭዳለን፣ ገሚሱን ዘንድሮ፣ ገሚሱን ለሌላ።
የውሃውን ቁመት በዘንግ እለካለሁ፤
ቅጽ እሞላለሁ፤ ፊርማ እለምናለሁ፤
አኻያ እነቅላለሁ፣ ወገቤ እስኪከዳኝ፤
ያ አዲሱ ቡትስ ስንቴ ጭቃ ውስጥ ቀረብኝ!
ሰው "ሥራሽ ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣
"አጫጅ" ስለው ይስቃል፤ እኔን ግን አያስቀኝ።
ሰሌዳው ተነቅሎ ቢሮዬ ውስጥ አለ፤
"አት" የሚለውን ዝናብ አጥቦት፣
"ጨዱ" እንዳለ ተንጠለጠለ።

ዘንድሮ ሰኔ ቦጉሚልን ደግፌ ወጣሁ፤
ከእንጨቱ መተላለፊያ ጫፍ ወንበር አመጣሁ።
ጆሮው ጠፍቷል፤ ማሽኑን እንኳ አይሰማ።
ፀሐይ ጠለቀች፤ ከቄጤማው ጫፍ ተነሣ ዜማ።
"አሉ?" አለኝ፣ ድምፁን ሳይመጥን፣ ጮክ ብሎ።
መዳፉን ገለበጥሁ፤
በሌባ ጣቴ መታሁ፦
አንድ።
ዝም።
ሁለት፣ ሦስት።
ከሸምበቆው ማዶ አራት።
ሻካራ መዳፍ፣ የማጭዱ እጀታ ያበጀው ጠባሳ፣
አምስትም ስድስትም እዚያው ላይ አረፈ።
አሥራ አንድ ላይ ቆምሁ።
እሱ ግን መዳፉን አላጠፈም፤
እንደ ዘረጋ ቆየ።
እኔም ጣቴን አንሥቼ፣
ትንኙ እየበላን፣
ጠበቅሁ።