ከደረቅ ጋር እርጥብ

የሰኔ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሃስሌቦ መንደር፣ ዴንማርክ፣ ከባሕሩ ዳር፣
ሜትር በኪሴ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት በእጄ፣ ቆምኩ ከቦዲል አጥር።

«ቶርኪል ነው የላከህ?» አለች፣ በአገጯ ጎረቤቷን እያሳየች፣
ጓንቷን ሳታወልቅ፣ ከክምሩ ጎን እንደ ዘብ እንደቆመች።

ክምሩ የስቬን ነው። እሱ በመስከረም አረፈ፤
የተከለው ፖም በጥር ወጨፎ ተገንድሶ ከደጁ ተነጠፈ።
ቆራረጠችው፣ ከመረችው፣ ክብሪት ገዛች፤
«ልገላገል» አለች።
ከእንጨቱ ይሁን ከሌላ፣ አላብራራች።

አነበብኩላት፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ ባንድ ትንፋሽ፦

«ከሣር ክዳን ቤት ስልሳ ሜትር ይራቅ፤
እርጥብ አይግባበት፣ ይንደድ ደረቅ ደረቅ፤
ነፋስ ከበረታ ክብሪት አይጫር፤
ጭሱ አጥር ዘሎ ሰው አያስቸግር፤
ውሃ በባልዲ አጠገብ ይቀመጥ፤
ሳይለኮስ በፊት ክምሩ ይገልበጥ፣
ያደረ ነፍስ ካለ በጊዜ እንዲያመልጥ።»

እኔ በምጽፍበት ቋንቋ ተረቱ ሌላ ነው፤
ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል ይላል፣ ሰሚውም «ምን ይደረግ» ብሎ ነው የሚያልፈው።
ይሄ ወረቀት ግን፣ ማኅተሙ የደበዘዘ፣ ጥጉን ዝናብ የነካው፣
እርጥቡን ለይ ይላል፤ በቁጥር፣ በአንቀጽ፣ ዋዛ ሳያውቀው።
ስንት መንደር ነደደ ይህችን አንቀጽ አጥቶ!
ይህን ግን ለቦዲል አልነገርኳትም።

ሜትሩን ዘረጋሁ። ሃምሳ አራት። ስድስት ይጎድላል።
«ስድስት! ይህን ያህልማ ስቬን ጠጥቶ ሲገባ ይንገዳገዳል!»
አለች፣ እንዳልሞተ ሁሉ።

ማንሳት ያዝን፣ ግንድ በግንድ፣ ጉማጅ በጉማጅ፤
«ይሄ የዥዋዥዌው ነው፤ ይሄ ጣቱን ያስበላው» ትላለች፣ ስም እንደሚያወጣ ወላጅ።

ከታች፣ የረገፈው ቅጠል ተነፈሰ።
ጃርት። ከጡጫ አትበልጥም። ሥሯ አራት ግልገል፣
እሾኻቸው ገና እንደ ብሩሽ የለሰለሰ።
እናቲቱ ተጠቀለለች። ቦዲል ጓንቷን አወለቀች፤
«ስቬንም እንዲህ ነበር፣ ነገር ሲመጣ» አለች።

መልሰን ከደንነው፣ ቀስ ብለን፣ ጎጆ እንደሚከድን ሰው።
ቶርኪል በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ዛሬ አይነድም እንዴ?» ቢላት፣
«ተከራይ ገብቷል» ነው ያለችው።

ቅጹን መሙላት አለብኝ።
የነደደበት ጊዜ፦ መስከረም፣ ብዬ ጻፍኩ።
የጠፋበት ጊዜ፦
እዚያ ላይ ብዕሬን አነሣሁ፤ ባዶውን ተውኩ።