የልጄ ነው

ስታዲየም ሥር ነው፣ ባቡሩ በላይ በሚያልፍበት፣
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሱሪ ያሳጠርኩበት።
ዚፕ ነበር ሥራዬ፣ የካፖርት ገበር፤
ደህና ነገር የሰፋሁት አንዴ ብቻ ነበር፣
የሙሽራ ሱፍ። እሱም ሰርጉ ቀረ።

ዘንድሮ ሌላ መጣ፣ ዓይነቱ ያልነበረ፦
ጥንቸል ያልሆነ፣ ድመት ያልመሰለ፣
መዳፍ የሚያክል፣ ጥርሱን ያገጠጠ፣
ከየቦርሳው ጆሮ የተንጠለጠለ።
በካርቶን ታሽጎ፣ እንደ ሎተሪ ነው አሉ የሚሸጠው፤
ሮዝ የተመኘ ሰው ቡኒ ሲደርሰው፣
አስፋልት ዳር ቆሞ እንደ ታክሲ ረዳት ይጣራል፦
«በሮዝ የሚለውጥ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»

መጀመሪያ ሶስና መጣች፣ የአራተኛ ክፍል ልጅ፣
የተገነጠለ ጆሮ በማስቲካ ለጥፋ፤
«አያመውም?» አለች፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቦርሳዋን አቅፋ።
«እሱን አያመውም፣ እኔን ነው» አልኳት።
ዓይኗን ጨፈነች። እስክጨርስ አልከፈተችም።

ከዚያ ትልልቆቹ። ትልቅ ሰው ሲመጣ ግራ ቀኝ ያያል።
የባንኩ አቶ ክንፉ፣ ክራቫቱን ሳያላላ፣
ምሳ ሰዓት መጣ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፤
ጅራቱ ግን ወጥቷል።
«የልጄ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው፣ ቶሎ።
ልጅ እንደሌለው ሊስትሮው እንኳ ያውቃል።
«ስንት ዓመቱ ነው?» ስለው፣
«ሰባት» አለ፣ ጫማውን እያየ፣ ቆይቶ።

ነርሷ «የእህቴ ልጅ»፣ ጠበቃው «የጎረቤት»፤
ሹፌሩ ብቻ ነው እውነቷን ያወጣት፦
«የራሴ ነው ጋሼ። ቃሊቲ በሌሊት
ብቻዬን ስነዳ፣ ከመስታወቱ ሥር
የሚስቅልኝ እሱ ነው።»

ኦርጅናል ነው ይላሉ፣ ፎርጅድ ነው ይላሉ፤
ሆዳቸውን ከፍቼ አይቻለሁ፣ ጥጥ ናቸው ሁሉ።

እኔስ? የካልሲ ኳስ ነበረችኝ፣ ልጅ ሆኜ፣
ማታ ማታ የማስተኛት በክንዴ ሸፍኜ፤
ስም አውጥቼላት ነበር።
ስሟን አልናገርም።

ሐምሌ ላይ አንዲት ሴት ትታልኝ ሮጠች አረንጓዴ፣ አንድ ዓይና፤
«ማክሰኞ እመጣለሁ» አለች። ዝናቡ ጠና፣
የጻፈችልኝ ስልክ ከወረቀቱ ታጠበ።
ስንት ማክሰኞ ሄደ።
ከቁልፍ ቆርቆሮዬ ስፈልግ፣ ስፈልግ፣
ከዚያ ከቀረ ሰርግ፣
ከሱፉ የተረፈች አንዲት ቁልፍ አገኘሁ።
ሰፋሁለት። አሁን በሁለት ዓይኑ ያያል፣
አንዱ የፋብሪካ፣ አንዱ የሙሽራ።
ከመኪናዬ አናት ሰቀልኩት።

ትናንት ሲመሽ አንድ ጎረምሳ ቀና ብሎ አይቶት፣
«ስንት ልስጥህ ፋዘር? ይሄ ቀለም ጠፍቷል» አለኝ።
ባቡሩ ደረሰ፣ ድምፁን ሁሉ ዋጠው።
እስኪያልፍ ጠበቅኩ።
«የልጄ ነው» አልኩት።
ዕድሜውን ይጠይቀኛል ብዬ
ሰባትን በአፌ ይዤ ቆየሁ፤
አልጠየቀኝም።