ባሕሩ በየት ነው?

ሁመድ ጅማ ገባ ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣
የሎግያ አቧራ ጫማው ላይ፣ የኛ ካፊያ ትከሻው ላይ፤
መናኸሪያው መሐል ከነሻንጣው ቆሞ
እንዲህ ሲል ጠየቀኝ ከሰላምታ ቀድሞ፦
«ባሕሩ በየት ነው?»

«ኧረ ይሄ ጅማ ነው!»
«አውቃለሁ፤ ልማድ ነው።
አዲስ አገር ስደርስ አፍንጫዬ ነው የሚጠይቀው።»

አሰብ ተወለደ፤ በዘጠኝ ዓመቱ ወጣ።
ኮሌጅ አንድ ክፍል ሳለን፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ
የጂኦግራፊ ካርታዬን አልጋው ላይ ዘርግቶ
«ቤታችን እዚህ ጋ ነበር» ይለኛል ጣቱን አሹሎ፣ መብራት አብርቶ።
ያንኑ ቦታ ሲነካ፣ ሲነካ
ወረቀቱ ሳስቶ ተበስቷል ለካ።
ዛሬም ሳስተምርበት፣ ከቀይ ባሕር ዳር
በቀዳዳው በኩል ሰሌዳው ይታያል፣ ጥቁር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በባጃጅ ወደ ጅሬን፤
ዳገቱ መሐል ሞተሩ ሲያስል
ነዚፍ «ወርዳችሁ ግፉ» አለን።
ከፍለን ገፋን።
«ጉብኝት ማለት ይሄ ነው» አለ ሁመድ እያለከለከ።

ቤተ መንግሥቱ አልተከፈተም።
ዘበኛው ፎጣውን ተከናንቦ «ገና ነው» አለና ፊቱን አዞረ።
እኛም ዞር ብለን ቁልቁል ብናይ
ከተማው የለም።
ጉም ነው፣ ከዳር እስከ ዳር፤ ዝርግ፣ ነጭ፣ ድምፁ የማይሰማ፤
ከላዩ አንድ ሚናራ፣ የዝግባ ራስ፣ የቴሌ ማማ።

ሁመድ ዝም አለ።
ኋላ ጣቱን ቀስሮ፣ ቀስ እያለ፦
«ያቺ ሳምቡክ ናት፣ ሸራዋን ያወረደች፤
ያ ክሬን ነው፤ ያቺ ጥቁሯ ደሴት ነች።
አባቴ እዚያ ድረስ ይዋኝ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ።
ውሸት ሳይሆን አይቀርም። ግን አምናለሁ።»

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ጉም ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤
ቀዝቃዛ አየር ሸለቆ ሲተኛ ብዬ በየዓመቱ እጽፋለሁ።
እዚያ ላይ ግን አፌን ያዝኩ።
ለሩብ ሰዓት ያህል ጅማ ወደብ ነበራት።
ፀሐይ ስትወጣ ውኃው ሸሸ፣
ከሥሩ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አህያ፣ የትምህርት ቤት ደወል፣
የሚኒባስ ጥሩምባ፣ ተራ በተራ።

በሩ ሲከፈት ገባን። ወለሉ ሲንቋቋ ሳቀ፤
የሰገነቱን እንጨት በመዳፉ እየዳሰሰ
«ይሄን የጠረበ ሰው መርከብ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ።
«እንጃ» አለች አስጎብኚዋ ሩቅያ፣ «የተጻፈ አላየሁም።»
እሱ ግን አልከፋውም።

ከሰዓት ቦዬ ወረድን፤ ቄጠማው ዳር ቆምን።
«ጉማሬ!» አልኩት። «ድንጋይ ነው» አለኝ። ተከራከርን።
ድንጋዩ ተነፈሰ።
ሁመድ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ጣቱን ነከረና ቀመሰ፤
«አልጫ ነው» አለ፣ ጨው እንደረሱበት ሰው ተኮሳትሮ።

ሐሙስ ስለነበር ሂርማታ መቆሚያ የለም።
ተማም በርጩማ ይሸጣል፣ ባለ ሦስት እግር፣ ካንድ ግንድ የወጣ።
ሁመድ ወጣ ገባው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ፣
ወደ ግራ ገፋ፣ ወደ ቀኝ ገፋ፤
አልነቃነቅ አለው።
የተጠራለትን ሳይከራከር ከፈለ፤
ተማም ራሱ ቅር አለው።

«ያን ሌሊት በጀልባ ስንወጣ» አለኝ፣ በርጩማውን እንደ ሕፃን አቅፎ፣
«እናቴ ጉልበት ላይ ነበርኩ፤ ማዕበሉ ያነሳናል፣ ይጥለናል።
አላህን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤
የማይነቃነቅ መቀመጫ።»

እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ባሕር ስፈልግለት።

ዓርብ ጧት ረዳቱ «በርጩማው ይከፍላል!» ብሎ ጮኸ፤
«ሰው ነው እንዴ?» አልኩ፤ «ቦታ ይዟል!» አለ።
ሁመድ መተላለፊያው ላይ አኑሮ ተቀመጠበት፣
ትኬት የቆረጠበትን ወንበር ላንዲት አራስ ለቀቀላት።
አውቶቡሱ ከበሩ ሲወጣ ጉድጓድ ገባ፤
ሰው ሁሉ ወዲያ ወዲህ ተናወጠ።
በመስኮት አየሁት፤
እሱም ተናወጠ፣
ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ እየሳቀ።